እትዬ ታፔላ

እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው። እትዬ ታፔላ ያልናት እኛ ነን፤ እኛ ስል በጤና ጣቢያው በር ፊት ለፊት ያለን ባለሱቆች ማለቴ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እኔ። የስፌት መኪናዬን ደጅ አውጥቼ ስሰፋ ስለምውል ወጪ ወራጁን ሁሉ አያለሁ፤ ላየሁት ሁሉ ስም ማውጣትም ልማዴ ነው። ስሙን ስትሰማ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ትመጣብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ መጥታ በሩ ላይ ቆመችና «ደግ አደረግክ፤ ቢያንስ ሥራዬን የሚናገር ስም ነው» ብላኝ ሄደች። እንዲህ ናት። ልትስቅባት ስትል ሳቁ አፍህ ውስጥ ይቀራል።

ታፔላው በሰፈሩ መግቢያ ላይ በሁለት የብረት ቋሚዎች ተተክሏል። በነጭ መደብ ላይ በሰማያዊ ቀለም «በዚህ ሰፈር እናት በቤቷ አትወልድም» ይላል። የጻፈው ልጇ ነው፤ ቀለም ቀቢ ነው፣ እጁም ለፊደል የተባረከ። ቦታውን የመረጠችው ግን እሷ ራሷ ናት። የሰፈሩ ኮሚቴ የጤና ጣቢያው አጥር ላይ ይሰቀል ብሎ ነበር፤ አሻፈረኝ አለች። «መግቢያው ላይ ይቁም። የእኔም ቤት መግቢያው ላይ ነው፤ ጠዋት በሬን ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሱን መሆን አለበት» ብላ ተከራከረች፣ እንደለመደችውም አሸነፈች። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ በእርጥብ ጨርቅ አቧራውን ስትጠርግለት እናያት ነበር።

ነገሩ ያስቃል፤ መነሻው ግን የሚያስቅ አልነበረም። የመጀመሪያ ልጇ ሴት ነበረች። ያኔ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የሚባል ነገር የለም፤ ሆስፒታሉ ከከተማው ማዶ ነው፣ መኪና ያለው ደግሞ ዳቦ ጋጋሪው ብቻ። ልጅቱን ምጥ ያዛት፣ ዋለባት፣ አደረባት። ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት ሊጭን ሄዶ ነበር። በአልጋ ተሸክመዋት ሲወጡ ዋናው መንገድ ሳይደርሱ ሞተች። እናቷ ከነሆዷ ቀበረቻት። ለቅሶው ላይ አንዲት እንባ አላወጣችም፤ ሰውም ልቧ ደነደነ አለ። የደነደነ ነገር አልነበረም፣ ሴትዮዋ ማሰብ ጀምራ ነበር።

ከሐዘን ቤት እንደወጣች በቀጥታ የሄደችው ወደ ጤና ቢሮው ነው። ኃላፊው ሲገባ በሩ ላይ ናት፣ ሲወጣ በሩ ላይ ናት። ዘበኛው ሲያስወጣት መስኮቱ ሥር ትቆማለች። በመጨረሻ ጤና ጣቢያው የተፈቀደልን ስለሚያስፈልገን ነው ብዬ አላምንም፤ ሰውዬው ፊቷን ማየት ስለሰለቸው ነው። «ቦታና ድንጋይ ከእናንተ፣ ሌላው ከእኛ» አለ። ቦታው የሰፈሩ ቆሻሻ መጣያ ነበር። ጠረግነው። ድንጋዩን ከወንዙ ዳር በሸክም አመጣነው። ከቤት ቤት እየዞረች ሰው ታስወጣ ነበር፤ አንዱ ጎረቤቴ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ «እትዬ፣ ዛሬስ ታምሜያለሁ» ቢላት፣ ብርድ ልብሱን ገፋ አደረገችና «እንግዲያው ጤና ጣቢያው ለአንተ ነው የሚሠራው፤ ተነስ» አለችው። ተነሳ። እኔም ወገቤ የማይረባ ሰው ነኝ፣ ግን ተሸክሜያለሁ።

ጤና ጣቢያው ተሠራ፣ መድኃኒት ገባ፣ አንዲት ወጣት አዋላጅ ነርስም ተመደበች። ሕፃናት ይከተባሉ፣ ቁስል ይታጠባል፣ የሚያስል ሽማግሌ ደረቱ ይደመጣል። የሰፈሩ ሴቶች ግን መውለጃቸው ሲደርስ እንደ ድሮው ቤታቸው በራቸውን ዘግተው ይወልዳሉ። ይህ ነገር እትዬ ታፔላን ያንገበግባት ነበር። ቢሮ ሄዳ ኃላፊውን እንደገና ብትይዘው እንዲህ አላት፦ «አንድ ዓመት ሙሉ በሰፈራችሁ አንዲት ሴት እንኳ ቤቷ ሳትወልድ ካለፈ፣ ለጤና ጣቢያችሁ አምቡላንስ እንሰጣለን።» አምቡላንስ። ልጇን የገደላት የመኪና እጦት ነው፤ ስለዚህ ይህ ቃል ለእሷ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ታፔላው የተተከለው ያን ሳምንት ነው።

የመጀመሪያው የሴቶች ስብሰባ ላይ ነርሷ ተነስታ ስለ ክትትል፣ ስለ ደም ማነስ ተናገረች። ልትቀመጥ ስትል ደግሞ «ምጡ ድንገት ከመጣና መንቀሳቀስ ካቃታችሁ ሰው ላኩብኝ፤ ቦርሳዬ ሁልጊዜ በር ላይ ነው፣ ሮጬ እመጣለሁ» አለች። ሴቶቹ ደስ አላቸው፣ አጨበጨቡላት። ስብሰባው ሲበተን እትዬ ታፔላ ሱቄ በር ላይ አስቆመቻት።

«ያቺን ነገር ሁለተኛ እንዳትደግሚያት።»

«የቷን?»

«ላኩብኝ ያልሽውን። ይህችን ቀዳዳ ካገኙ ሁሉም በእሷ ነው የሚሾልኩት። ሁሉም ድንገት መጣብኝ ይላሉ።»

«እትዬ፣ ድንገት ይመጣል እኮ። ልጅ ቀጠሮ አያከብርም።»

«እውነትሽን ነው። ግን አትናገሪው።»

ልጅቱ ከትምህርት ቤት ገና መውጣቷ ነበር፤ ለሰፈሩም ለሥራውም አዲስ ናት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ስብሰባዎች ሁሉ ስለ ክትትልና ስለ ደም ማነስ ብቻ ተናግራ ትቀመጣለች።

የመጀመሪያው ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ልብስ አጣቢዋ ጉድ አደረገችን። በሰው ቤት እየዞረች የምታጥብ፣ ባሏ ጥሏት የሄደ ምስኪን ሴት ናት። ጓሮዋ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ወገቧን ያዝ አደረጋት፣ ቁጢጥ አለች፣ ልጅቱ ወጣች። ይኸው ነው። እናትም ልጅም ደህና ነበሩ። ወሬው ግን ቢሮ ደረሰና ዓመቱ ተበላሸ፣ እንደገና ከአንድ ይጀመር ተባለ።

እትዬ ታፔላ አራሷን ሴት፣ ሕፃኗን እንዳዘለች፣ ስብሰባ መሐል አቆመቻት። ባለቤቴ እዚያ ነበረች። ልብስ አጣቢዋ መሬት መሬት እያየች «አመለጠኝ እትዬ፣ ሳላስበው አመለጠኝ» አለች።

«ሽንት ነው የሚያመልጥ» አለቻት እትዬ ታፔላ። «አንቺን ልጅ አመለጠሽ፣ እኛን ደግሞ አምቡላንስ አመለጠን። ነገ አንዷ መንገድ ላይ ስትሞት ማን ይጠየቅ?»

ሴትዮዋ ማልቀስ ጀመረች። እትዬ ታፔላ ለሴቶቹ ዞር ብላ፣ ይህች ሴት እስክትማር ድረስ ማንም ልብስ እንዳይሰጣት፣ ማንም በሯን እንዳይረግጥ ፈረደች። አንዷ ደፍራ «እትዬ፣ ምን በልታ ታድራለች?» ብትላት «ለአንድ ሰው ሲባል ሰፈር አይወድቅም» ብላ ዘጋቻት። ለሕፃኗም እዚያው ስም አወጣችላት፤ ጓሮ አለቻት። ሰዉ ሳቀ። ስሙ እንደ ሙጫ ተጣበቀባት፤ ልጅቱ ዛሬ በሁለት እግሯ እየሮጠች «ጓሮ፣ ነይ» ስትባል አቤት ትላለች። ያን ሰሞን ልብስ አጣቢዋ ከሌላ ሰፈር ልብስ ፍለጋ ልጇን አዝላ ስትመላለስ በሱቄ በር ታልፍ ነበር። አንድም ቀን ቀና ብላ አላየችንም።

ሁለተኛው ዓመት ተጀመረ። እትዬ ታፔላ ከዚያኛው ስህተት ተምራለች። በጤና ጣቢያው ግቢ ጥግ ላይ አንድ ክፍል አሠርታ የእናቶች ማቆያ አደረገችው፤ ወሯ የገባ ሴት ሁሉ ከቤቷ ወጥታ እዚያ ተኝታ ምጧን ትጠብቃለች። አልጋ ለመነች፣ ፍራሽ ለመነች። መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። መቼም እውነቱን ለመናገር ሥራው የሚያኮራ ነበር። ሴቶች በሰላም እየገቡ በሰላም ይወጣሉ፣ እሷም እያንዳንዱን ሕፃን ተቀብላ ፊቱን እንደ ሎሚ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ ታየዋለች።

በዚህ መሐል ነው ምራቷ ያረገዘችው። ይህችን ልጅ ሰፈሩ ሁሉ ይወዳታል፤ ተጫዋች ናት። የአማቷን አካሄድ፣ ጣቷን ቀስራ ስትናገር፣ ታፔላውን ስትወለውል እያስመሰለች ሰው በሳቅ ትገድላለች፤ ያውም እትዬ ታፔላ ፊት። ሌላ ሰው ቢያደርገው ጉድ ይፈላል። ለእሷ ሲሆን ግን ሴትዮዋ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ለመያዝ ትታገልና ያቅታታል። ከልጇ ሞት ወዲህ ጥርሷን ያየነው ይህች ልጅ ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። ምራቷ «እማዬ» ነው የምትላት። እትዬ ታፔላም አንድ ቀን ጥቅል ጨርቅ ይዛ መጥታ የሕፃን ልብስ አሰፋችኝ፤ «ጠበቅ አድርገህ ስፋው፣ ይህ ልጅ ብዙ የሚወራጭ ነው» አለችኝ፣ እጇን በራሷ ሆድ ላይ አድርጋ፣ ያረገዘችው እሷ ይመስል።

ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ቀናት ቀሩት። አንዲትም ሴት ቤቷ አልወለደችም። አምቡላንሱን የሚያስረክቡ እንግዶች ዓመቱ በሚሞላበት ቀን ሊመጡ ነው ተባለ፤ ሰፈሩ ተተራመሰ። ግቢው ተጠረገ፣ ድንጋዩ ሳይቀር ኖራ ተቀባ። እትዬ ታፔላ ማቆያ ክፍሉን ገብታ ስታየው ግን ፊቷን አጠቆረች። ባልዲ አለ፣ የተሰጣ የውስጥ ልብስ አለ፣ ሆዳቸው የገፋ ሴቶች በየአልጋው ተጋድመው እግራቸውን ይታሻሉ። «እንግዳ ይህን ይይ? ክፍሉ ቀለም ይቀባ፣ አልጋው ይነጠፍ፣ እናንተም ቤታችሁ ሂዱና እንግዳው ሲሸኝ ትመለሳላችሁ» አለች። ክፍሉን የሚቀባው ደግሞ ያው ልጇ ነው።

ነርሷ ይህን ስትሰማ እየሮጠች መጣች። «እትዬ፣ ክፍሉ የተሠራው ለእነሱ ነው እኮ። ሌሎቹስ ይሂዱ እሺ፣ ምራትዎ ግን ቀኗ ደርሷል።»

«ምራቴ ከእኔ ጋር ናት። ቤቴ ደግሞ ዳገቷን ከወረድሽ እዚያው ነው። ሲያማት እጇን ይዤ አመጣታለሁ።»

«ቢፈጥንባትስ?»

«የመጀመሪያ ልጅ አይፈጥንም። እኔ ነኝ የማውቀው፤ የኔዋ ልጅ ሁለት ቀን ነው ያማጠችው።»

ነርሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ምራትየዋ ጥቅሏን ብብቷ ሥር ይዛ ከግቢው ስትወጣ የአማቷን ድምፅ እያስመሰለች «ውጡ፣ ውጡ፣ ሆዳችሁ ግድግዳ ያቆሽሻል» ብላ እኔንም ዘበኛውንም አሳቀችን። ያ የመጨረሻ ቀልዷ ነበር።

የርክክቡ ቀን ጠዋት አምቡላንሱ ግቢው መሐል ቆሟል። አፍንጫው ላይ እኔ የሰፋሁት ቀይ ሪባን ታስሮበታል። ድንኳን ተጥሏል፣ ማይክሮፎን ተተክሏል፣ እትዬ ታፔላ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ባለቤቴን ምራቷ ዘንድ ትታት ነው የመጣችው። ኃላፊው ንግግሩን እንደጀመረ ባለቤቴ እያለከለከች ደርሳ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ነገረቻት። እትዬ ታፔላ ወደ እንግዶቹ ፈገግ እያለች ተነሳች፣ ድንኳኑን እስክትወጣ ቀስ ብላ ሄደች፣ ከዚያ ሮጠች።

ቤት ውስጥ የሆነውን የማውቀው ከባለቤቴ ነው፤ እስከ ዛሬ ስታወራው ድምጿ ይለወጣል። ሲገቡ ምራቷ የአልጋውን እግር ይዛ ወለሉ ላይ ተንበርክካለች። ውኃው ፈስሷል። የልጁ አናት ይታያል።

«ደርሷል» አለች ባለቤቴ። «አሁን ነው የሚወጣው። ሮጬ ነርሷን ልጥራት።»

«ነርሷ እንግዳ ፊት ቆማለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ወጥታ ወዴት ሄደች ሊባል ነው? ወደ እኔ ቤት?» እትዬ ታፔላ በሩን ዘጋችው። ከዚያ መልሳ ከፈተችው። ፊት ለፊቷ ታፔላው ቆሟል። «ዛሬ» አለች። «ከቀን ሁሉ ዛሬ። ከቤት ሁሉ የኔ ቤት።»

«እማዬ፣ መጣ» አለች ምራቷ።

«አትግፊ።»

«እኔ አይደለሁም የምገፋው፤ ራሱ ነው።»

«አትግፊ አልኩሽ። እግርሽን ግጠሚ።»

ልጅቱ አልቻለችም። ማን ይችላል? እትዬ ታፔላ ከትከሻዋ ሻርፗን አወረደች፣ የምራቷን ጭኖች ገጥማ ከጉልበቷ በላይ አሰረቻት፣ አጥብቃ ቋጠረችው። ባለቤቴ እጇን ስትይዛት ገፈተረቻት። «ዳገቷን እስክንወጣ ነው» አለች፤ «ዳገቷን እስክንወጣ ብቻ።» ልጇን ጠራችው፤ ከጎረቤት ጎረምሶች ጋር ቃሬዛ ይዞ መጣ። ሚስቱን እንደዚያ ታስራ ሲያይ ክው አለ። «እማ፣ ይህ ምንድን ነው?» ሲላት «ዝም ብለህ ተሸከም፤ የማደርገውን አውቃለሁ» አለችው። ተሸከመ። ከልጅነቱ ጀምሮ እናቱ የማታውቀው ነገር አለ ብሎ አስቦ አያውቅም።

እኔ ያየኋቸው ከሱቄ ፊት ሲደርሱ ነው። የልጅቱ ፊት አመድ ሆኗል፤ ትጮህ ነበር፣ ወደ ግቢው ሲቀርቡ እትዬ ታፔላ አፏን በመዳፏ ያዘችው። በማይክሮፎኑ የኃላፊው ድምፅ «አንዲትም እናት፣ አንዲትም እናት ቤቷ ያልወለደችበት ሰፈር» ይላል። በዋናው በር ይገባሉ ስል ቃሬዛውን ወደ ኋለኛው በር አዞረችው። እንግዳ ፊት በዚህ ሁኔታ አይገባም ማለቷ ነው። የኋላው በር ደግሞ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው፣ ዘበኛው ድንኳን ውስጥ ቆሞ ያጨበጭባል። ባለቤቴ ዞራ ሮጠች። ሰው ገፍታ፣ ወንበር ገልብጣ ዘበኛውንም ነርሷንም እጃቸውን ይዛ አወጣቻቸው። በሩ ተከፈተ።

ከአጥሩ ሥር፣ ኖራ ከተቀባው ድንጋይ አጠገብ አወረዷት። ነርሷ ሻርፑን አየች። ከዚያ ቋጠሮውን መፍታት አቅቷት በመቀስ ቆረጠችው። ጨርቁ ሲላቀቅ ልጁ አብሮ ወጣ። ወንድ ነበር፣ ትልቅ፣ ጸጉሩ የሞላ። ሰማያዊ ሆኗል። ነርሷ አፉን ጠረገች፣ ጀርባውን አሸች፣ እፍ አለችበት፣ ደረቱን በሁለት ጣቷ ተጫነች፣ እንደገና እፍ አለችበት። ከግድግዳው ማዶ ሰው ያጨበጭባል። ልጁ አልተነፈሰም። ብዙ ከታገለች በኋላ በራሷ ነጭ ጋዋን ጠቀለለችው።

«ማነው ያሰራት?» አለች ቀና ሳትል።

«እኔ» አለች እትዬ ታፔላ። «ቤት እንዳትወልድ።»

«ቢጠሩኝ እመጣ ነበር። ቦርሳዬ በር ላይ ነበር፣ እትዬ። ሁልጊዜ በር ላይ ነው።»

ቀጥሎ ደሙ መጣ፤ ድንጋዩ ላይ ያለውን ኖራ እስኪያቀልጥ ድረስ መጣ። ነርሷ «መኪናውን» ብላ ጮኸች። ኃላፊው ንግግሩን አቋረጠ፤ ሪባኑን ሳይቆርጥ ሹፌሩ መኪናውን አስነሳው፤ ሪባኑ ተበጥሶ በመስታወቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ወጣ። እውነት ለመናገር ልጅቱን ያዳናት ያ አምቡላንስ ነው። ሆስፒታሉ ሲደርሱ ግን ውስጧ ተቀዶ ስለነበር ማህፀኗን አወጡት። ሁለተኛ አትወልድም።

ኃላፊው ሰዉ ከተበተነ በኋላ ነርሷን ጠርቶ «የት ነው የተወለደው?» ብሎ ጠየቃት። እኔ ድንኳኑን ሳፈርስ አጠገባቸው ነበርኩ። «እዚህ፣ አጥሩ ሥር» አለችው። «ከአጥሩ ወዲህ ነው ወዲያ?» አለ። «ወዲህ።» ሰውዬው ተነፈሰ። ወደ እትዬ ታፔላ ሄዶ ትከሻዋን ዳበስ አደረጋትና «ያጽናዎት። ቢያንስ ዓመቱ አልተበላሸም» አላት። ሰው ይህን ለማጽናናት ብሎ ይናገራል ብዬ አላስብም ነበር፤ እሱ ግን ከልቡ ነበር።

ምራቷ ከሆስፒታል ስትወጣ ባሏ ከእናቱ ቤት አላስገባትም፤ ከዳገቷ በላይ አንዲት ክፍል ተከራየ። እትዬ ታፔላ በየቀኑ ሾርባ ሠርታ በራቸው ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። ሾርባው በሩ ላይ ይቀዘቅዛል። ቀልድ የሚባል ነገር ከዚያች ልጅ አፍ ጠፋ፤ ስትናገርም ቃል እየመረጠች ነው። አንዳንዴ ሱቄ በር ላይ መጥታ ትቀመጥና የሰውን ልብስ ቁልፍ ትተክልልኛለች። ሳይወሰድ እኔ ዘንድ የቀረውን የሕፃኑን ልብስ እንድሰጣት ጠየቀችኝ እንጂ፣ ስለዚያ ቀን አንዲት ነገር አላለችም።

አንድ ጠዋት ጫጫታ ሰምቼ ስወርድ እትዬ ታፔላ መሰላል አስደግፋ ታፔላው ላይ ወጥታለች። በፒንሳ ብሎኑን ትታገለዋለች። ጸጉሯ ተበትኗል። ሥሯ ሴቶች ተሰብስበዋል፤ ግማሾቹ እሷ ራሷ ማቆያ ያስተኛቻቸው፣ እሷ ራሷ ልጃቸውን የተቀበለችላቸው ናቸው። አንዷ ደግሞ ሆዷ ገፍቷል።

«እትዬ ይውረዱ፣ ይወድቃሉ።»

«ላውርደው። የኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያቆምኩት።»

«የእርስዎ አይደለም አሁን፣ የሰፈሩ ነው። ታፔላው ከወረደ አምቡላንሱን ወስደው ለሌላ ሰፈር ይሰጡታል። ኃላፊው ተናግሯል።»

«ይውሰዱት።»

ሴቶቹ ተንጫጩ። ያን ጊዜ ልብስ አጣቢዋ ከመሐላቸው ወጣች። ልጇ ጓሮ ቀሚሷን ይዛ ከኋላዋ ትከተላታለች። መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘች፣ አልነቀነቀችውም፤ እንዲያውም እንዳይንሸራተት ደገፈችው። ቀና ብላ አየቻት። ያን ያህል ጊዜ ቀና ብላ ያላየች ሴት ናት።

«እትዬ» አለች ረጋ ብላ፣ «ለአንድ ሰው ሲባል ሰፈር አይወድቅም።»

እትዬ ታፔላ ፒንሳውን እንደያዘች ቀረች። ማንም አልሳቀም፤ ሁላችንም ቃሉ የማን እንደሆነ እናውቃለን። ከዚያ ዓይኗ በሰዉ መሐል ሲፈልግ ቆየና ምራቷን አገኘ። ልጅቱ ከእኔ ጋር ነበር የወረደችው፤ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች። እትዬ ታፔላ ከመሰላሉ ላይ ሆና እንዲህ አለቻት፦

«አንቺ አውርጂው በይኝ፣ አወርደዋለሁ። ማንንም አልሰማም። አንቺ ብቻ በይኝ።»

ሁሉም ወደ ልጅቱ ዞረ። ሆዷ የገፋችው ሴትዮ በእጇ ሆዷን ያዘች። ምራቷ ታፔላውን አየችው፣ የባሏን የእጅ ጽሑፍ፣ ከዚያ ታፔላው የሚያየውን በር አየችው።

«ይቆይ፣ እትዬ» አለች። እማዬ አላለቻትም። «መኪናው ለሌላዋ ይጠቅማታል። እርስዎ ግን በየቀኑ ይዩት።»

ይህን ብላ ዳገቷን ወጣች። እትዬ ታፔላ አንዱን ብሎን ፈትታው ነበር፤ መልሳ አጠበቀችውና ወረደች። ልብስ አጣቢዋ እጇን ይዛ አገዘቻት።

አምቡላንሱ አለ፤ ብዙ ሴት አድርሷል፣ የእኔን እህት ጨምሮ። ነርሷም አሁን ስብሰባ በተጠራ ቁጥር መጀመሪያ የምትናገረው «ድንገት ከመጣባችሁ ጥሩኝ» የሚለውን ነው፣ የሚከለክላት የለም። ኮሚቴው ታፔላውን በየዓመቱ ያስቀባዋል። ቀቢው ልጇ ስላልፈለገ ሌላ ሰው ነው የሚቀባው፤ ፊደሉ እንደ ድሮው አያምርም።

እትዬ ታፔላ ዛሬም እዚያው ቤት ናት። የፊት በሯን ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ተከፍቶ አላየሁትም። ከውስጥ ቁም ሣጥን አስደግፋበታለች ይላሉ። ገበያ ስትሄድ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ማንም የማይበላላትን ሾርባ ወደ ዳገቷ ይዛ ስትወጣ፣ የምትወጣውና የምትገባው በጓሮ በኩል ነው።